ሥራን ለውጦ ወደ ዲጂታል ማርኬቲንግ ስለ መግባት፤ ለመቱና ለኢሉባቦር ከተሞች ቤተ ሰቦች

ሥራን መለወጥ የአንድ ሰው ሐሳብ ቢመስልም፣ ነገሩ የመላው ቤተ ሰብ ጉዳይ ነው። በወር በወር የሚቈረጠው ደመወዝ ለቤት ኪራይ፣ ለልጆች ትምህርትና ለአረጋውያን ወላጆች መጦሪያ አስቀድሞ የተደለደለ ስለ ሆነ፣ ደመወዝተኛው ከቦታው በተነሣ ጊዜ የሁሉም ኑሮ አብሮ ይናወጣል። ስለዚህ በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙ፣ በያዮና በሌሎችም የኢሉባቦር ከተሞች አንድ መምህር ወይም አንዲት የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ «ያለሁበትን ሥራ ትቼ ዲጂታል ማርኬቲንግ ልሥራ» ብለው በተናገሩ ጊዜ ቤተ ሰቡ ቢደነግጥ የሚያስነቅፍ አይደለም። ከድንጋጤው በኋላ ግን ሁለት ዓይነት ስሕተት ይከተላል። አንዳንዱ ወላጅ «ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ አቀርቅሮ መዋል ሥራ ይባላልን?» ብሎ ነገሩን ሳይመረምር ይከለክላል። ሌላው ደግሞ ገንዘብ ያለ ድካም የሚገኝበት መስሎት ልጁን ያጣድፋል። ሥራው ምን እንደ ሆነ፣ ለአገሩ ምን እንደሚጠቅም፣ የሚገባበትም ሰው በምን መንገድ እንደሚያድግ አስቀድሞ ማወቅ ከሁለቱም ስሕተት ያድናል።

ዲጂታል ማርኬቲንግ ማለት በአጭሩ፣ የሚሸጠውን ነገር በኢንተርኔት አማካይነት ለሚፈልገው ሰው ማስታወቅና ሻጭን ከገዢ ጋራ ማገናኘት ነው። መሣሪያው አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው የቈየ ነው። በቀድሞ ዘመን ዐዋጅ በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ ይነገር የነበረው፣ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ስፍራ ገበያ ስለ ነበረ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ስፍራ የእጅ ስልክ ሁኗል። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ እንደ ገበያው ሜዳ ናቸው፤ ጉግል የሚባለው መፈለጊያ ደግሞ «ጥሩ ማር የት ይገኛል?» ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ መንገድ እንደሚያሳይ ሰው ነው።

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ፣ በመቱ ያለ ሻጭ በአዲስ አበባ ካለ ገዢ የሚገባውን ገንዘብ በስልኩ በቀላሉ ለመቀበል ቻለ። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም በአገሩ ሁለተኛ የቴሌኮም ድርጅት ሁኖ ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ኤም-ፔሳ የሚባለው የገንዘብ መላኪያው ተከተለ። ማስታወቅ፣ መዋዋልና መክፈል ሦስቱም በአንድ መሣሪያ ላይ በመገናኘታቸው፣ ቀድሞ ለጨዋታ ብቻ የሚመስለው ነገር ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ።

ይህ ሙያ ለኢሉባቦር ይልቁንም የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። አገሩ በቡናና በማር የታወቀ ነው። በያዮ ያለው ደን ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ የሚበቅልበት ስለ ሆነ፣ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ጽፎታል። ነገር ግን ቡናው ሲጓዝ ስሙ አብሮት አይጓዝም። እንግሊዞች በ1894 ዓ.ም. ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጋራ በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ካቋቋሙ በኋላ፣ የኢሉባቦር ቡና በጎሬ በኩል በበቅሎ እየተጫነ ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር፤ ከዚያም ክረምት ገብቶ ባሮ በሞላ ጊዜ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሻገራል። ቡናውን የለቀመው ገበሬ ማን እንደሚጠጣው አያውቅም፤ የጠጣውም ሰው ማን እንደ ለቀመው አያውቅም ነበር።

የንግዱ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ከዞረም በኋላ በዚህ በኩል ብዙ አልተለወጠም። ከነልጣጩ በፀሐይ የሚደርቀው የኢሉባቦር ቡና በውጭ አገር ገበያ ከጅማና ከከፋ ቡና ጋራ «ጅማ» በሚል አንድ ስም ሲሸጥ ኖሯል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የዕለቱን ዋጋ ለሁሉ ማሳወቅን የመሰለ ትልቅ ጥቅም ቢያመጣም፣ ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ በጅምላ ይሸጥ ስለ ነበረ የየገበሬው ስም በመንገድ ይቀር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 1051/2009 ግን አምራቹ ቡናውን በቀጥታ ወደ ውጭ ለመላክ የሚችልበትን በር አሰፋው። በሩ መከፈቱ ብቻ አይበቃም፤ በበሩ ላይ ቆሞ «ይህ ቡና የእገሌ ነው፤ የበቀለው በዚህ ደን ነው፤ የተለቀመውና የደረቀው በዚህ ዓይነት ነው» ብሎ ለሩቅ ሰው የሚናገር ያስፈልጋል። የዚህ ሙያ ሠራተኛ ማለት ይህን የሚናገረው ሰው ነው።

ስምና ጥራት በተገናኙ ጊዜ ምን እንደሚሆን በአገራችን ታይቷል። ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባለው የቡና ውድድር በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2012 ዓ.ም. በተደረገ ጊዜ፣ አንደኛ የወጣው የሲዳማው ገበሬ የአቶ ንጉሤ ገመዳ ቡና ነበረ። ቡናው የተሸጠው በኢንተርኔት በተደረገ ጨረታ ሲሆን፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላው አንድ ፓውንድ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም አወጣ። እንዲህ ያለ ዋጋ በየዕለቱ የሚገኝ አይደለም፤ ዋጋውንም ያመጣው ከሁሉ በፊት የቡናው ጥራት ነው። ነገር ግን ያው ቡና በጅምላ ተደባልቆ፣ የባለቤቱ ስም ሳይታወቅ ተሽጦ ቢሆን ኖሮ ጥራቱ ብቻውን ይህን ዋጋ ባላመጣለትም ነበር።

ሥራን ስለ መለወጥም ምሳሌ አይታጣም። ወይዘሮ ቤተ ልሔም ጥላሁን በዩኒቲ የተማሩት ሒሳብ አያያዝ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ግን በአዲስ አበባ በዘነበ ወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የሚባል የጫማ ሥራ አቋቋሙ። ጫማው ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራውን፣ ሁላችን የምናውቀውን በረባሶ መሠረት ያደረገ ነው። ብዙ ሰው የድኃ ጫማ ብሎ የናቀውን ነገር ታሪኩን ነግረው፣ መልኩን አሳምረው፣ በኢንተርኔት ጭምር ለውጭ አገር ገዢ በማስታወቅ በዓለም የታወቀ አደረጉት። ከዚህ የምንማረው አዲስ ሥራ የሚያድገው እውነተኛ ነገር ይዞ ለሚገባ ሰው መሆኑን ነው። የሚታወቀው ነገር ከሌለ ማስታወቅ ባዶ ጩኸት ነው።

የሥራውን ውስጥ ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ በአራት ከፍሎ ይመልከተው። አንደኛው ማዘጋጀት ነው፤ ይህም ፎቶግራፍ ማንሣት፣ አጭር ቪዲዮ መሥራትና የሚገባ ጽሑፍ መጻፍ ነው። ቡና በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲገላበጥ የሚያሳይ ንጹሕ ፎቶግራፍ ከብዙ ውዳሴ ይበልጣል። በዚህ በኩል የኢሉባቦር ልጅ የታደለ ነው፤ ለአገሩ ሰው በአፋን ኦሮሞ፣ ለሌላው ክፍል በአማርኛ ሊጽፍ ይችላልና። እንግሊዝኛ የጨመረ እንደ ሆነ ከውጭ ገዢ ጋራም ይነጋገራል።

ሁለተኛው በቀላሉ መገኘት ነው። የሱቁ ስም፣ ስፍራው፣ የሚከፈትበት ሰዓትና የስልኩ ቍጥር በጉግል ካርታ ላይ በትክክል መጻፍ አለበት። የሶርን ፏፏቴ ለማየት የሚመጣ እንግዳ በመቱ የሚያድርበትንና የሚመገብበትን ቤት አስቀድሞ በስልኩ ይፈልጋል፤ በዚያ ያልተጻፈ ሆቴል ለእርሱ እንደሌለ ይቈጠራል።

ሦስተኛው በዋጋ የሚነገር ማስታወቂያ ነው። ፌስቡክና ጉግል ማስታወቂያ የሚሸጡት በጨረታ ዓይነት ነው። አስታዋቂው በቀን ይህን ያህል አወጣለሁ፣ ማስታወቂያዬም በዚህ ከተማ ላሉ፣ በዚህ ዕድሜ ለሚገኙ ሰዎች ይታይልኝ ብሎ ይወስናል፤ ማሽኑም የተጫራቾችን ዋጋና የማስታወቂያውን ተወዳጅነት አመዛዝኖ ቦታውን ይሰጣል። ክፍያው ብዙ ጊዜ በውጭ ምንዛሬ ስለ ሆነ በባንክ በኩል የሚፈቀድ ካርድ ይጠይቃል። ስለዚህ ጀማሪ ከዚህ ባይነሣ ይሻለዋል።

አራተኛውና ዋናው መቍጠር ነው። አንድ የማር ሻጭ 900 ብር አውጥቶ አስታወቀ እንበል። ማስታወቂያውን 6,000 ሰዎች አዩት፤ 60 ሰዎች ዋጋ ጠየቁ፤ 6 ሰዎች ገዙ። እንግዲህ አንድ ገዢ ለማግኘት 150 ብር ወጥቷል ማለት ነው። ከአንድ ገዢ የሚገኘው ትርፍ 100 ብር ከሆነ በእያንዳንዱ ሽያጭ 50 ብር ከሰረ። «6,000 ሰዎች አዩልኝ» ብሎ የሚደሰት ሰው ሙያውን ገና አላወቀም። ዐዋቂው ግን «የጠየቁት 54 ሰዎች ሳይገዙ ለምን ቀሩ? ዋጋው ከብዷቸው ነው? ማሩ በምን እንደሚደርሳቸው ስላልተነገራቸው ነው? ወይስ መልስ ያገኙት በማግስቱ ነው?» ብሎ ይመረምራል። የገዙት 6 ሰዎች በሚቀጥለው ወር ተመልሰው ቢገዙ፣ አዲስ ወጪ ሳይወጣ ሌላ 600 ብር ይገኛል፤ የሁለቱ ወር ትርፍ 1,200 ብር ስለሚሆን ከወጪው 300 ብር ይተርፋል። ከዚህ የተነሣ አዲስ ገዢ ከመፈለግ ይልቅ ያለውን በደንብ መያዝ የሥራው ሥር ነው።

ይህን የተረዳ ሰው ወደዚህ ሙያ መግባት የቀድሞ ዕውቀትን መጣል እንዳልሆነ ይገነዘባል። መምህር ከባዱን ነገር አቅልሎ ማስረዳት የለመደ ነው፤ ማስታወቂያም ማስረዳት ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ከላይ የተባለውን ቍጥር ከሌላው ቀድሞ ያነባል። የግብርና ባለሙያ የታጠበ ቡናና ያልታጠበ ቡና በምን እንደሚለያዩ ስለሚያውቅ የገዢውን ጥያቄ ሳይዋሽ ይመልሳል። በጽሕፈት ቤት የኖረ ሰው ደብዳቤን በወቅቱ መመለስንና መዝገብን በሥርዓት መያዝን ያውቃል። መሣሪያውን ብቻ የተማረ ሰው ግን መሣሪያው በተለወጠ ቍጥር ከሥሩ ይጀምራል።

አሁን ወደ ቤተ ሰቡ ምክር እንመለስ። ሥራውን ሊለውጥ ያሰበ ሰው ከሚስቱ ወይም ከባሏ፣ ከወላጆቹም ጋራ ተቀምጦ የአንድ ዓመት ጊዜ ይወስን፤ የተወሰነውም በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ኋላ «እንዲህ አላልኩም» ከመባባል ያድናልና። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ደመወዙን ሳይለቅ በማታ ሁለት ሁለት ሰዓት የሚማርባቸው ይሁኑ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ በመንግሥት ሰዓት የግል ሥራ እንዳይሠራ ይጠንቀቅ፤ በአዲሱ ሙያ የሚያስፈልገው ታማኝነት በአሮጌው ይፈተናል።

ትምህርቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጉግልና ሀብስፖት የሚባሉት የውጭ ኩባንያዎች ስለዚህ ሙያ ያለ ዋጋ የሚሰጡት ትምህርት በኢንተርኔት ይገኛል። መንግሥትም ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋራ በመተባበር በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ትምህርት ጀምሯል፤ ይህ ስለ ማስታወቂያ በቀጥታ የሚያስተምር ባይሆንም፣ በውስጡ ያለው የመረጃ ትንተና ትምህርት ቍጥር ለማንበብ ይጠቅማል። የምስክር ወረቀት መልካም ነው፤ ሆኖም የሚያሠራው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ወረቀቱን ሳይሆን «እስከ ዛሬ የማንን ነገር አሸጥህ?» ብሎ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛዎቹ ስድስት ወራት የሙከራ ይሁኑ። በመቱ ገበያ አጠገብ ያለችውን የአክስቱን ማር ቤት፣ ወይም የጎረቤቱን የልብስ ስፌት ሱቅ ወስዶ፣ በየሳምንቱ ስንት ሰው ጠየቀ፣ ስንት ሰው ገዛ ብሎ በደብተር ይጻፍ። ይህ ደብተር ከማናቸውም ወረቀት የሚበልጥ ምስክሩ ነው። ደመወዙንም የሚለቀው ሦስት ነገር በተሟላ ጊዜ ይሁን፤ በየወሩ ሳያቋርጡ የሚከፍሉት ከአንድ በላይ ደንበኞች ሲኖሩት፣ ከእነርሱ የሚያገኘው ለተከታታይ ወራት ወደ ደመወዙ ሲጠጋ፣ የስድስት ወር የቤት ወጪም ተቀምጦ ሲገኝ። ዓመቱ ሲሞላ ይህ ካልተሟላ ቤተ ሰቡ እንደ ገና ይምከር፤ ደመወዙ በቦታው ስላለ የጠፋ ነገር የለም፤ የተማረውም ዕውቀት ለቤቱ ሱቅ ይሆናል።

ለሴቶች ይህ ሥራ የተለየ ጥቅም አለው። ሕፃን ያላት እናት ከቤቷ ሳትርቅ ልትሠራው ትችላለች። ነገር ግን በቤት የሚሠራ ሥራ ሰዓት የለውም፤ ገዢው በእኩለ ሌሊትም ይጠይቃል። ቤተ ሰቡ የሥራዋን ሰዓት አውቆ የቤቱን ድካም ካልተካፈላት፣ አዲሱ ሥራ በአሮጌው ላይ የተጫነ ሁለተኛ ሸክም ይሆንባታል።

በሙያው ማደግ ደረጃ አለው። ጀማሪው የአንድ ሱቅ ገጽ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ለሦስትና ለአራት ደንበኞች በውል ይሠራል። በዚህ ጊዜ ሁሉን በጥቂቱ ማወቁ ይጠቅመዋል። ከዚያ በላይ ለማደግ ግን አንዱን ነገር በጥልቀት መያዝ ያስፈልጋል፤ አንዱ በጽሑፍ፣ አንዱ በቪዲዮ፣ አንዱ በዋጋ የሚነገረውን ማስታወቂያ በማስተዳደር፣ አንዱም ቍጥርን በመተንተን ይታወቃል። እንዲሁም የንግዱን ዓይነት መምረጥ አለ። በአዲስ አበባ ስለ ሁሉ ነገር የሚያስታውቅ ብዙ ነው፤ የደን ቡናንና የደን ማርን ከሥር ከመሠረቱ ዐውቆ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል መራቋ በሌላው ሥራ ጉዳት ቢሆንም፣ በዚህ ሥራ ለደኑ ቅርብ መሆኗ ሀብት ነው።

ሕግን አለማወቅ በዚህም ሥራ አያድንም። ለሌላ ሰው በዋጋ የሚሠራ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቍጥር ያውጣ። የማስታወቂያ ዐዋጅ ቍጥር 759/2004 ሰውን የሚያሳስት ማስታወቂያ ይከለክላል፤ የሌላ አገር ማር የኢሉባቦር ነው ማለት፣ ወይም ማርን ለማይፈውሰው በሽታ መድኃኒት ማድረግ ከዚህ ይቈጠራል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት ዐዋጅ ቍጥር 1205/2012 መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለ ተላከ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ይደነግጋል፤ ስለዚህ በስልክ የተጻፈ «እልካለሁ» የሚል ቃል እንደ ቀልድ አይታይ። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን ስምና ስልክ ሰብስቦ እንደ ፈለጉ መጠቀምን ያግዳል። የደንበኞችን ስም ዝርዝር አሳልፎ የሚሸጥ ሰው ታማኝነቱን ከነሕጉ ሸጧል።

አደጋውንም መሸሸግ አይገባም። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. በመላው አገር ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር፤ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ቈይተዋል። በዚያ ጊዜ ገበያውን በሙሉ በአንድ ገጽ ላይ ያደረገ ሰው ከደንበኞቹ ተለያየ። ብልህ ሠራተኛ የደንበኞቹን ስልክ ቍጥር በፈቃዳቸው በደብተር ጽፎ ይይዛል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይደውላል። ሁለተኛው አደጋ አታላይ ነው። «አስቀድመህ ይህን ያህል ገንዘብ አስገባ፤ ሰው ባመጣህ ቍጥር ይጨመርልሃል» የሚል ሁሉ የዚህን ሙያ ስም የተዋሰ ሌባ ነው፤ እውነተኛ አሠሪ ለሠራተኛው ይከፍላል እንጂ ከሠራተኛው አያስከፍልም። ሦስተኛው የተመልካችን ቍጥር በገንዘብ መግዛት ነው፤ የተገዛ ተመልካች ማር አይገዛም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ በሥልጣንና በባለጸግነት ላይ ያላችሁ በዚህ ነገር ድርሻ አላችሁ። የሆቴል፣ የቡና እርሻ ወይም የሱቅ ባለቤት የሆነ ሰው፣ ይህን ሙያ የተማረውን የዘመዱን ልጅ «የቤት ሥራ ነው» ብሎ በነጻ ከማሠራት፣ በጽሑፍ ውል ተዋውሎ ትንሽም ቢሆን ቢከፍለው፣ ሙያተኛ ያፈራል፤ ራሱም ሒሳብ ለመጠየቅ መብት ያገኛል። በየጽሕፈት ቤቱ ያለ አለቃም ሠራተኛው በትርፍ ሰዓቱ ሲማር ቢያይ አያሸማቅቀው። አባትና እናትም ልጃቸውን «ስልክህን ጣል» ከማለታቸው በፊት «ደብተርህን አሳየን፤ በዚህ ወር ስንት ሰው ጠየቀ? ስንት ሰው ገዛ?» ብለው ይጠይቁት። ደብተሩ መልስ ካለው ይመርቁት፤ መልስ ከሌለው ይገሥጹት። በኢሉባቦር ደን በዚህ ዓመትም ቡናው ይለቀማል፤ ከአገር ሲወጣ የለቃሚውን ስም ይዞ እንዲወጣ የሚጽፍለት ሰው ምናልባት ዛሬ በአንዳችሁ ቤት ተቀምጦ ፈቃዳችሁን ይጠብቅ ይሆናል።